ኡኡታ በዜማ አይመዘንም

በተማሪዎች መካከል አንድን የኪነ ጥበብ ሥራ ለመግደል ከሁሉ የቀለለው መሣሪያ «ጫጫታ ነው» የሚለው ቃል ሆኗል። ግጥም ሲነበብ ለጆሮ ካልጣመ ጫጫታ ነው፤ ሥዕል ዓይንን ከወጋ መሞነጫጨር ነው፤ ሙዚቃ ትከሻን ካላስነቀነቀ ወይም ትዝታን ካልቀሰቀሰ ድስት ማንኳኳት ነው ይባላል። ፍርዱ የሚሰጠው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ነው፤ ይግባኝም የለውም። እኛ ግን ዛሬ እንዲህ የተፈረደበትን አንድ ሸክላ ይዘን በአንባቢያን ፊት ይግባኝ ለማለት ቀርበናል።

ሸክላው በ1977 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ የወጣ ነው። አዘጋጆቹ ሁለት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ አንደኛው ዘፋኙ አላን ቬጋ፥ ሁለተኛው የኦርጋን ተጫዋቹ ማርቲን ሬቭ ናቸው። ለጓዳቸው ያወጡለት ስም ሱይሳይድ ይባላል፤ ትርጓሜውም ራስን መግደል ማለት ነው። ሸክላውም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ስሙ በቤተ ሰብ ፊት ጮክ ተብሎ የሚነገር እንዳልሆነ እናውቃለን፤ እኛም አልወደድነውም። ቃሉን ያገኙት ከአንድ የሥዕል ተረት መጽሐፍ ርእስ ላይ ሲሆን፥ ቬጋ በኋላ ሲጠየቅ ስሙ ስለ ግለሰብ ሳይሆን ራሱን በራሱ ስለሚያጠፋ ኅብረተሰብ የተነገረ መሆኑን ገልጧል። ስለዚህ በስሙ ደንግጠን በሩን ከመዝጋታችን በፊት በውስጡ ያለውን እንመርምር።

በዚህ ሸክላ ላይ ጊታር የለም፤ ድራም የሚመታ ሰውም የለም። ያለው አንድ ርካሽ የኤሌክትሪክ ኦርጋን፥ አንድ ምቱን ሳያቋርጥ የሚደጋግም የከበሮ መኪና፥ እና የአንድ ሰው ድምፅ ነው። የከበሮ መኪናው የተሠራው በሆቴልና በመጠጥ ቤት ብቻውን ለሚጫወት ኦርጋን መቺ አጃቢ እንዲሆን ነበር። ሬቭ ግን ይህን ለመዝናኛ የተሠራ ዕቃ ወስዶ እንደ ፋብሪካ ሞተር አንጎራጎረበት፤ የኦርጋኑንም ድምፅ በማጉያ እያወፈረና እያሻከረ ምንጣፍ ሳይሆን የአሸዋ ወረቀት አደረገው። ዘፈኖቹ ሰባት ናቸው፤ ሁሉም አንድ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃሉ። ሁለቱ ሰዎች አብረው መሥራት የጀመሩት በ1970 ገደማ ስለሆነ፥ ይህን ሸክላ ለማውጣት የፈጀባቸው ጊዜ እኛ ሁለት ጊዜ ያህል ዲግሪ የምንይዝበት ነው። ሸክላው ሲወጣ ቬጋ 39 ዓመቱ ነበር። እንግዲህ ሥራው የሰነፍ ልጆች የአንድ ቀን ቀልድ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ከዚያ ወዲያ በእንግሊዝና በአሜሪካ ድኅረ ፓንክ የተባለው ሙዚቃ ሲነሣ፥ ጊታርን ትተው ኪቦርድን የያዙ ወጣቶች ብዙዎቹ መንገዱን የተማሩት ከዚህ ሸክላ ነው።

አሁን ተቃዋሚዎቻችን ወደሚሉት እንምጣ። የመጀመሪያው ተቃውሞ፥ «እነዚህ ሰዎች ሙዚቃ ስለማያውቁ ነው ሁለት ድምፅ ብቻ የሚደጋግሙት» የሚል ነው። ይህ በታሪክም በሐሳብም የተሳሳተ ነው። ማርቲን ሬቭ ጃዝ የተማረና የተጫወተ ሰው ነው፤ ቬጋም በብሩክሊን ኮሌጅ ሥነ ጥበብ ያጠናና ከተጣሉ አምፖሎችና ሽቦዎች የብርሃን ቅርጽ ይሠራ የነበረ ሠዓሊ ነው። የቀነሱት ሳያውቁ ሳይሆን አውቀው ነው። ደግሞስ በጥቂት ድምፅ ብዙ መናገር ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን? የአዝማሪያችን ማሲንቆ ያላት አንድ ጭራ ብቻ ናት። በዚያች በአንዲት ጭራ ላይ ስንት ቅኔ፥ ስንት ነገር፥ ስንት ስድብና ስንት ምስጋና እንደ ወረደ እናውቃለን። አንድ ሰው ከአንድ መሣሪያ ጋር ቆሞ በደረቅ ድምፁ የዘመኑን ነገር ሲናገር፥ «መሣሪያህ አነሰ» ያለው አድማጭ የለም።

የድምፅ መሻከርም ቢሆን እንዲሁ ነው። ከመሣሪያዎቻችን ሁሉ ለጸሎትና ለተመስጦ የተለየውን በገናን እንመልከት። በገና አሥር አውታሮች አሉት፤ በአውታሮቹና አውታሮቹ በሚያርፉበት እንጨት መካከል እንዚራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ። የሚገቡት ለጌጥ አይደለም፤ አውታሩ ሲነካ እንዲነዝርና እንዲያጉረመርም ነው። እንዚራው ቢወጣ ድምፁ ይጠራል፤ ነገር ግን በገናነቱ ይቀራል። እንግዲህ አባቶቻችን የጠራውን ድምፅ ማግኘት ሳያቅታቸው ጉርምርምታን መርጠው፥ አስበው፥ በቆዳ ቀርጸው ካስገቡ፥ ጉርምርምታ ሁሉ ድንቁርና ነው የሚለው ፍርድ ከየት የመጣ ነው? በኒው ዮርኩ ኦርጋንና በበገና መካከል የሰማይና የምድር ርቀት እንዳለ አንክድም። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ የነዘረ ድምፅ ሁሉ የተበላሸ ድምፅ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው የበለጠ ክብደት ያለው ስለሆነ በዝርዝር ልንመልሰው ይገባል። ይኸውም፥ «የኑሮ ጭንቅ በየቤታችን ሞልቶ ሳለ ሙዚቃ ማጽናናት እንጂ ማስጨነቅ የለበትም» የሚለው ነው። ለዚህ መልስ ለመስጠት ሸክላው የተወለደበትን ከተማ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኒው ዮርክ ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎችንና የገንዘብ ቤቶችን ነው። የ1970ዎቹ ኒው ዮርክ ግን ሌላ ነበረች። ከ1969 እስከ 1977 ባለው ጊዜ ውስጥ ከተማይቱ 600,000 ያህል የሥራ ቦታ አጥታለች፤ ብዙ ፋብሪካዎች ተዘግተው ወይም ወደ ሌላ ስፍራ ሄደው ሠራተኛው ሜዳ ላይ ቀረ። በ1975 የከተማው አስተዳደር ዕዳውን መክፈል አቅቶት ለመክሰር ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ መምህራን፥ ፖሊሶችና የጽዳት ሠራተኞች በሺህ የሚቆጠሩ ከሥራ ተሰናበቱ። በሐምሌ 1977 የኤሌክትሪክ ኃይል በጠፋ ጊዜ በከተማይቱ ብዙ ሰፈሮች ዘረፋና ቃጠሎ ሆነ። ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ነገር እንጨምር። ቬጋ የተማረበት ብሩክሊን ኮሌጅ በከተማው ገንዘብ የሚተዳደርና የድኻ ልጅ ያለ ክፍያ የሚማርበት ነበር። በዚያው የገንዘብ ችግር ምክንያት ከ1976 ጀምሮ በከተማው ኮሌጆች ሁሉ ነፃ ትምህርት ቀረ። እንግዲህ ቬጋን የመሰለ የብሩክሊን ልጅ ወደ ሥነ ጥበብ የገባበት በር ሸክላው ከመውጣቱ ከአንድ ዓመት በፊት ተዘግቷል ማለት ነው።

በዚህ ሸክላ ላይ ስድስተኛው ዘፈን «ፍራንኪ ቲርድሮፕ» ይባላል። ርዝመቱ ከ10 ደቂቃ በላይ ነው። ታሪኩ የአንድ የሃያ ዓመት ወጣት የፋብሪካ ሠራተኛ ታሪክ ነው። ሚስትና ሕፃን ልጅ አሉት፤ ከማለዳ እስከ ማታ ይሠራል፤ የሚያገኘው ግን ለምግብ አይበቃም፤ ከቤቱም ሊያስወጡት ነው። በመጨረሻ አእምሮው ተናውጦ ሕፃኑን፥ ሚስቱንና ራሱን ያጠፋል። ቬጋ ነገሩን ያነሣው ከጋዜጣ ወሬ መሆኑን ተናግሯል። ከዘፈኑ ሥር የከበሮው መኪና አንድም ጊዜ ሳያርፍ፥ ሳይፈጥንና ሳይዘገይ ይመታል። ሰውዬው ሲደክመው እርሱ አይደክመውም፤ ሰውዬው ሲወድቅ እርሱ አይቆምም። ከመኪናው በላይ የቬጋ ድምፅ መጀመሪያ በሹክሹክታ፥ ኋላም በሚያስደነግጥ ጩኸት ይሰማል።

አሁን እንጠይቅ። ይህ ታሪክ በምን ዓይነት ዜማ ይነገር? በቫዮሊን ይታጀብን? አድማጩ ሻዩን እየጠጣ «እንዴት ያለ ጣፋጭ ኀዘን ነው» እያለ ራሱን እንዲነቀንቅ ይደረግን? የፋብሪካው መኪና በሚያምር ድምፅ ቢተካ ውሸት ይሆን ነበር። ጩኸቱ በልኩ ተቆርጦ ቢዜም፥ ፍራንኪ የሞተው ለእኛ መዝናኛ እንዲሆን ነው ማለት ይሆን ነበር። እኛ እንደሚመስለን ድኻ በጥሩ ዜማ ካልተቸገረ አንሰማውም ማለት ከጭካኔ ሁሉ የረቀቀው ጭካኔ ነው።

በአገራችን ኡኡታ የሚባል ነገር አለ። በሌሊት ከጎረቤት ኡኡታ ሲሰማ የሰፈር ሰው ዱላውን ይዞ ይወጣል። ቤት እየተቃጠለ እንደ ሆነ፥ ሌባ ገብቶ እንደ ሆነ፥ ሰው ሞቶ እንደ ሆነ ገና አያውቅም፤ ብቻ ይሮጣል። በአልጋው ላይ ተጋድሞ «ድምፅዋ ሻካራ ነው፤ ቅኝቷም አልገባኝም» የሚል ጎረቤት ቢገኝ መንደሩ ምን ይለው ነበር? ኡኡታ በዜማ አይመዘንም። የሚመዘነው በእውነቱ ነው፤ ኡኡ ያለው ሰው በእርግጥ የሚያስጮህ ነገር ደርሶበታል ወይስ አልደረሰበትም? ስለ «ፍራንኪ ቲርድሮፕ» የምንጠይቀው ትክክለኛ ጥያቄ ይህ ነው። የ1970ዎቹን የኒው ዮርክ ታሪክ ያነበበ ሰው ደግሞ መልሱን አያጣውም።

ይህን ስንል ሙዚቃ ሁሉ ኡኡታ ይሁን ማለታችን አይደለም። ራሱ ሸክላውም እንዲህ አላለም። በዚያው ላይ «ቼሪ» የተባለ የፍቅር ዘፈን አለ፤ ያው ኦርጋንና ያው መኪና በዚያ ጊዜ ለስልሰው፥ ዘፋኙም ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደ ሹክሹክታ ያሰማል። ይህ የሚያስረዳው አንድ ነገር ነው። ሰዎቹ ማለዘብን ይችሉበታል፤ በሻከሩበት ቦታ የሻከሩት ነገሩ ሻካራ ስለ ሆነ ነው። ሙሾ የሚያወርድ ሰው በሠርግ ቀን እንደማያወርደው ሁሉ፥ ለሁሉም ጊዜ አለው።

እዚህ ላይ ግን ለወዳጃችን ስንሟገት ዓይናችንን መጨፈን የለብንም። በዚህ ዘፈን ላይ አንድ ጉድለት እናያለን። ዘፈኑ ድምፅ የሰጠው ለፍራንኪ ነው። ሚስቲቱና ሕፃኑ ግን ምንም ቃል የላቸውም፤ በባለቤታቸው መከራ ውስጥ እንደ ቤት ዕቃ ተቀምጠው በመጨረሻ ይሞታሉ። ድህነት ሰውን ምን እንደሚያደርገው ማሳየት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከድኻውም በታች ሆና መከራውንም ዱላውንም የምትቀበል ሰው እንዳለች መዘንጋት አይገባም። ኡኡ ማለት የሚገባት ከሁሉ በፊት እርሷ ነበረች። እህቶቻችን ተማሪዎች ይህን ቢያነሡ እውነት አላቸው እንላለን። እንዲህ ያለው ነቀፋ ግን ሥራውን እስከ መጨረሻው ካዳመጠ ሰው የሚመጣ ነቀፋ ነው፤ ከ«ጫጫታ ነው» ጋር ዝምድና የለውም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ስለ መኪናው ነው። «ኪቦርድና የከበሮ መኪና የሙዚቀኛውን እንጀራ ነጠቁ፤ ሙዚቃችንንም አደረቁ» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ስለ እንጀራው የሚሉት ሐሰት አይደለም። በወታደራዊው መንግሥት ዘመን በሰዓት እላፊ ምክንያት የሌሊት ሙዚቃ በተዳከመ ጊዜና ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት፥ ሳክስፎንና ትራምፔት ይነፉ የነበሩ የብዙ ሰዎችን ቦታ አንድ ኪቦርድ እየያዘ መጥቷል። በየሠርጉ አዳራሽ የምንሰማው አንድ ዓይነት ምት የዚህ ትሩፋት ነው። ነገር ግን ጥፋቱ የዕቃው ነው ወይስ ዕቃውን የሌለውን ሰው እንዲመስል ያስገደደው ሰው? የሠርጉ ኪቦርድ ዋሽንት ሳይሆን ዋሽንት ነኝ ይላል፤ ክራር ሳይሆን ክራር ነኝ ይላል። የሬቭ መኪና ግን መኪና ነኝ ብሎ ይመጣል፤ ስለ መኪናም ይናገራል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ከራሳችንም ሰዎች ምስክር አናጣም። የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበሩት አቶ ኃይሉ መርጊያ በአሜሪካ ሳሉ በ1985 ብቻቸውን ባዘጋጁት ካሴት፥ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ኪቦርድና ከከበሮ መኪና ጋር አዋሕደው የአገራችንን የቆዩ ዜማዎች ተጫውተዋል። ጩኸት የሌለበት የለሰለሰ ሥራ ስለሆነ ከኒው ዮርኩ ሸክላ ጋር በጠባይ አይገናኝም። የሚገናኙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሁለቱም ዘንድ መኪናው የሰው ምትክ ሳይሆን የብቸኛ ሰው ጓደኛ ነው። ከአገር ርቆ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ብቸኝነት በዚያ በማይለዋወጥ ምት ውስጥ ይሰማል። እንግዲህ መኪናው ለብቸኝነትም ለቁጣም ቃል ሊሆን እንደሚችል ከተስማማን፥ የሚፈረደው በመኪናው ላይ ሳይሆን በሚያናግረው ሰው ላይ ይሆናል።

በመጨረሻም ይህን ነገር በተማሪዎች መጽሔት ላይ ያነሣንበትን ምክንያት እንግለጥ። ሰኔ 16 ቀን 1978 ሱይሳይድ በቤልጅግ ዋና ከተማ በብራስልስ ለእንግሊዛዊው ዘፋኝ ለኤልቪስ ኮስቴሎ መቅድም ሆነው መድረክ ላይ ወጡ። ሕዝቡ ማፏጨትና መጮኽ ጀመረ፤ ቆየት ብሎም ከቬጋ እጅ ማይክሮፎኑን ነጠቁት፤ ጨዋታው በ23 ደቂቃ ተቋረጠ። ኮስቴሎም ተቈጥቶ የራሱን ጨዋታ ባሳጠረ ጊዜ ሁከት ተነሥቶ ፖሊስ እስከ መግባት ደረሰ። የዚያ ምሽት ድምፅ በካሴት ተቀድቶ ስለ ነበረ እስከ ዛሬ ይሰማል። ያን ካሴት ያዳመጠ ሰው ከሁሉ የሚገርመው አንድ ነገር ያገኛል፤ ጫጫታን የጠላው ሕዝብ ከመድረኩ የበለጠ ጫጫታ አሰምቷል። ልብ በሉ፤ በዚያ አዳራሽ የተሰበሰቡት ሽማግሌዎችና ሹማምንት አልነበሩም። አዲስ ሙዚቃ እንወዳለን ብለው ቲኬት የቈረጡ ሰዎች ነበሩ። አዲስ ነገርን ለመግደል ሳንሱር ብቻ አያስፈልግም፤ ትዕግሥት ያጣ አዳራሽም ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ዓለም ፍርዱን ለውጧል። ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1982 ባወጣው «ነብራስካ» በተባለው ሸክላው ላይ የዚህን ሥራ ተጽዕኖ ተቀብሏል። ኤም.አይ.ኤ. የተባለችው ዘፋኝ በ2010 ከሸክላው የመጀመሪያ ዘፈን ድምፅ ቀድታ አዲስ ዘፈን ሠርታበታለች። ቬጋ በ2016 ሲሞት የብዙ አገር ጋዜጦች ታሪኩን ጽፈዋል። እኛ ግን ክርክራችንን በዚህ ላይ አናቆምም፤ ኋላ ስለ ተመሰገነ ደግ ነው ማለት፥ ሲፏጭበት ስለ ነበረ ክፉ ነው ከማለት አይሻልምና። ሁለቱም በሰው ጆሮ መስማት ነው።

በየግጥም ምሽታችን የብራስልስን ሥራ የምንሠራ አለን። አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከገጠር ያመጣውን ቁጣ ቤት ባልመታ ግጥም ሲያነብ፥ ከኋላ ወንበር እግር ይረገጣል፤ ያለ ምክንያት ጭብጨባ ይበዛል፤ ልጁም ወረቀቱን አጥፎ ይወርዳል። የእርሱ ፍራንኪ ማን እንደ ነበረ ሳንሰማ ቀረን። ምናልባት አባቱ ነበር፤ ምናልባትም ወንድሙ። ግጥሙ ደካማ ሊሆን ይችላል። ደካማ መሆኑን ግን ማወቅ የሚችለው እስከ መጨረሻው የሰማ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን የሥነ ጽሑፍና የሙዚቃ ክፍል አንድ ቀላል ሐሳብ እናቀርባለን። በወር አንድ ጊዜ፥ ለጆሮ የሚከብድ አንድ ሥራ፥ የእኛም ይሁን የውጭ፥ ግማሽ ሰዓት ተመድቦለት ያለ ማቋረጥ ይደመጥ። ከዚያም ሌላ ግማሽ ሰዓት ያለ ርኅራኄ ይተች። ይህን ሸክላ ለመጀመሪያው ወር እናቀርባለን። ሰምቶ የጠላውን እናከብረዋለን፤ ምክንያቱን ጽፎ በዚሁ መጽሔት ላይ ቢመልስልን ደስታችን ነው። ሳይሰማ የጠላውን ግን አንድ ነገር እንጠይቀዋለን፤ ነገ ራሱ ኡኡ የሚልበት ቀን ሲመጣ፥ ጎረቤቱ መጀመሪያ ቅኝቱን ይመርምር ወይስ ወደ እርሱ ይሩጥ?